አንገትጌ የሌላት ጀሪካን

ክሩ እዚያው ነበር።

ያየሁት ዓርብ ጠዋት የሳሎኑን መደርደሪያ ስወለውል ነው። ከነጠላዬ ጥለት መዝዤ በትንሿ ቢጫ ጀሪካን አንገት ላይ ያሰርኩት አረንጓዴ ክር፣ ሐሙስ ከሰዓት ከአያ አድማሴ ጋር ከጎንደር ወደ እህቴ ከተማ ወደ ትክል ድንጋይ መሄድ የነበረበት ክር፣ ከነጀሪካኑ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል።  ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። ምንም አይሸትም። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ውኃ ነው። ለእህቴ ለየትነበርሽ የላክሁት ጠበል ቤቴ ውስጥ ነው።

ታዲያ አያ አድማሴ ይዘው የሄዱት ምንድን ነው?

እኔ ክፉ ነገር ቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ልጄ ምሥራቅ አሥር ደቂቃ ከዘገየች ባጃጅ ተገልብጦ ይታየኛል። ዝናብ ሲበረታ የጓሮው ግንብ ሲናድ ይሰማኛል። «እማዬ፣ እስካሁን ስንቴ ቀብረሽኛል?» ትለኛለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በረኪና መሥራት ስትጀምርም ያልፈራሁት ነገር አልነበረም። በርሜሉ ይፈነዳል አልኩ፤ ዓይኗ ይጠፋል አልኩ፤ ፈቃድ የላችሁም ብለው ያስሯታል አልኩ። ጀሪካኗን ግን አልፈራኋትም። እንዲያውም ወደድኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማው የሚሸጥ በረኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። ምሥራቅ አንድ ቀን ከአምስት ሱቅ አምስት ጠርሙስ ገዝታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችና «ዓይንሽን ጨፍነሽ ግለጪ። መጀመሪያ ያየሽው የቱን ነው?» አለችኝ። የቱንም አላየሁም፤ ሁሉም አንድ ነው። እንደ ገና አስጨፈነችኝ። ስገልጥ በመሐላቸው አንዲት ቢጫ ጀሪካን ቆማለች። ውኃ የምንቀዳበት የሃያ ሊትሩ ጀሪካን ልጅ የወለደ ይመስል፣ መያዣዋ፣ ጎንና ጎኗ፣ ክዳኗ ሳይቀር ቁርጥ እሱን፤ የምትይዘው ግን አንድ ሊትር ብቻ። እጄ ሳላዘው ሄዶ አነሣት።

«አየሽ? ፈገግ አልሽ» አለች። «ፈገግ ያለ ሰው ይገዛል።»

ባዶዎቹን ጀሪካኖች አዲስ አበባ ካለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው ያስመጣቻቸው። የእሷ ብልሃት አንገታቸው ላይ ነበር። ሙጫ የሌለው፣ እንደ ሸሚዝ አንገትጌ የሚጠለቅ ነጭ ወረቀት ሠራችላቸው። ስሙም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ «የነካሁት ይነጣል» የሚለው ማስታወቂያዋም ሁሉ እሱ ላይ ተጽፏል።

«በረኪናው ሲያልቅ አንገትጌውን ያወልቁና የፈለጉትን ይቀዱባታል። ማንም አይጥላትም። መንገድ ላይ ወድቃ አታያትም» አለችኝ።

«ጎበዝ» አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጎበዝ ነው ያልኳት። ያልተሞላች አንዲት ጀሪካንም ለምኜ ወሰድኩ።

ታላቅ እህቴ የትነበርሽ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሆዷን ያማታል። ሐኪም ቤት ሂጂ ብላት አሻፈረኝ አለች። ባለቤቴ መሪጌታ ወልደኢየሱስ የሚያገለግለው እዚሁ ሠፈራችን ቁስቋም ነው፤ ረቡዕ ዕለት ጠበል ይዞላት መጣ። እኔም እንዲያምርላት ብዬ በዚያች ጀሪካን ገለበጥኩና ክሩን አሰርኩባት። አመሻሽ ላይ ደግሞ ምሥራቅ በመስኮት የሚገባው ብርሃን እንዳያልፋት እየተጣደፈች እዚያው መደርደሪያ ላይ የራሷን ጀሪካን አቁማ በስልኳ ፎቶ አነሣች። አንገትጌውን አውልቃ ነው ያነሣቻት። «ራቁት አንገቷ እንዴት እንደሚያምር ይዩት» ስትል ሰምቻለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት አያ አድማሴ መጡ። የእህቴ ባል ታላቅ ወንድም ናቸው። የተበላሸ ስልካቸውን ለጠጋኝ ትተው ወደ ትክል ድንጋይ ሊመለሱ ነው፤ ሚኒባሱ እየጠበቃቸው ነው። እህል ሳይቀምሱ አይሄዱም ብዬ ስሟገት፣ እሳቸው እምቢ ሲሉ፣ እጄን ወደ መደርደሪያው ሰደድኩና ለየትነበርሽ ብዬ ጀሪካኗን አንሥቼ ሰጠኋቸው። ክሩን አላየሁም። መኖሩንም አላሰብኩም።

ምሥራቅ ከመኝታ ክፍሏ የወጣችው እኔ ስጮህ ነው።

«ፎቶ ያነሣሻት ጀሪካን የታለች?»

«መደርደሪያው ላይ።»

«ባዶ ነበረች በይኝ።»

«ምነው እማዬ? ባዶዋን ለፎቶ ስትቆም አታምርም፤ ሞላኋት…» አለችና ክሩን አየች። ከዚያ ፊቴን። 

የየትነበርሽን ስልክ ደወልኩ። ዝግ ነው። የአያ አድማሴ ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ነው። ሌላ የማውቀው ቁጥር የለኝም። ሰዓቱን አየሁ፤ ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ። ጠበል የሚጠጣው ጠዋት፣ በባዶ ሆድ ነው።

«ትሸታዋለች» አለች ምሥራቅ ጫማዋን እያጠለቀች። «በረኪና እኮ ነው! የሚሸት ነገር ማን ይጠጣል?»

«ጠበል ነው ብላ ነዋ! ጠበል ሸተተኝ ብሎ የሚተፋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ድኝ ድኝ የሚለውን እየጠጣን አይደል ያደግነው? እሷ እንዲያውም ሲመርና ሲሸት ነው የሚፈውስ የምትለው።»

ምሥራቅ ጫማዋን ማሰር አቆመች።

«የሎሚ ሽታ ጨምሬበታለሁ» አለች። «እንዳያስጠላ ብዬ።»

አንገትጌውን ሶፋው ሥር አገኘችው። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኳትም። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣን።

መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነው። ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ የጎደለው ግን ስድስት ነው። ምሥራቅ የቀረውን ወንበር እኛ እንከፍላለን ብላ አስነሣችው።  መንገዱን ሁሉ እኔ የእህቴን ቀብር እያየሁ ነበር። አስከሬኑን ማን እንደሚያጥብ፣ ለመሪጌታ ምን ብዬ እንደምነግረው፣ ልጄ በየትኛው ፖሊስ ጣቢያ እንደምትታሰር፣ ስንቅ በምን እንደማመላልስላት ሁሉ አሰብኩ። 

ከመኪና ወርደን ወደ የትነበርሽ ግቢ ስንታጠፍ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሃያ ይሆናሉ፣ ከዚያም ይበልጣሉ። 

«ለቅሶ ነው» አልኩ። «ምሥራቅ፣ ለቅሶ ነው።»

ልጄ ክንዴን ያዘች። ያን ጊዜ ከግቢው ውስጥ እልልታ ተሰማ። አንዴ፣ ከዚያም ደግሞ። ለቅሶ ቤት እልል አይባልም። ምን እንደሆነ ማሰብ አቃተኝ፤ ዝም ብዬ ሮጥኩ።

አያ አድማሴ ጀሪካኗን ታቅፈው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ደም መስሏል። አልቅሰዋል ማለት ነው አልኩ። እሳቸው ግን ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ዝናሽ! አንቺ ሴት፣ ማን ነገረሽ? ወሬው እንዲህ ቶሎ ጎንደር ደረሰ?»

«የቱ ወሬ?»

«ነይ ግቢና በዓይንሽ እዪው!»

የትነበርሽ መደብ ላይ ተቀምጣለች። በሕይወት አለች። ከባሏ ሞት ጀምሮ ከላይዋ ያልወረደው ጥቁር ቀሚስ ግን ሌላ ልብስ ሆኗል። ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ነጭ በነጭ፣ አንዳንዱ እንደ ስንዴ ፍሬ፣ አንዳንዱ እንደ ሳንቲም፣ ጠርዙ ቀላ ያለ ነጠብጣብ ሞልቶታል።

«ትናንት ማታ ለቤቱ ረጨሁት» አሉ አያ አድማሴ፣ ለሰውም እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ለሷም ከራስ እስከ እግሯ ረጨሁላት። ጠዋት ስንነሣ ጥቁሩ ነጥቷል! ኀዘንሽ ይብቃሽ ሲላት ነው! ቁስቋም ማርያም ማቋን ገፈፈችላት!»

ከበር እልልታው ቀለጠ። ያን ጊዜ ነው ሰዎቹ በእጃቸው የያዙትን ያየሁት። ስኒ፣ ኩባያ፣ ጣሳ። አንዲቱ የሕፃን ጡጦ ይዛለች።

«ጠጥታለች?» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«የትነበርሽ ጠጥታለች ወይ?»

«አንድ ስኒ። ባዶ ሆዷን።»

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ አብጧል። «ዝናሽዬ» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ወንድ ጎርንኗል። «ኀይለኛ ነው። ጉሮሮዬን እንደ እሳት ለበለበኝ። ግማሹን ነው የቻልኩት።»

«ምነው አልተፋሽውም?»

«ጠበል ይተፋል?» አለችኝ፤ እንዳበድኩ አድርጋ አየችኝ።

አያ አድማሴ ለተሰለፈው ሰው መቅዳት ሊጀምሩ ጀሪካኗን ዘንበል አደረጉ። ከፊት የቆመችው ይመኙሽ የምትባል ጎረቤት ስኒዋን ዘርግታለች። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ጀሪካኗን ከእጃቸው ነጠቅኩ። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

«ማንም እንዳይጠጣ! ጠበል አይደለም! በረኪና ነው!»

 ጉርምርምታው ተነሣ።

«ለራሷ ልትወስደው ነው!»

«የመሪጌታ ሚስት አይደለች? እነሱ በየቀኑ እየጠጡ ለኛ ሲሆን ነፈጉን!»

«ከተማ ወስዳ ልትሸጠው ነው» አለ አንድ ሽማግሌ ዱላውን ተመርኩዞ። «ሰንበሌጥ ብትሆን እንኳ እንዲህ አትንቀጠቀጥም፤ እዩዋት፣ እውነት የምትናገር ሰው እንዲህ ይሆናል?»

ዕድሜ ልኬን እሳት ተነሣ፣ ጅብ መጣ፣ ግንቡ ተናደ እያልኩ ኖሬአለሁ። እውነት የሆነውን የተናገርኩ ቀን የሚያምነኝ አጣሁ። ይመኙሽ የጀሪካኗን መያዣ ይዛ ትጎትታለች፤ እኔ ወደ ኋላ እጎትታለሁ።

ምሥራቅ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ወጣች። ቦርሳዋን ከፈተችና ያንን ነጭ የወረቀት አንገትጌ አወጣች።

«እማዬ፣ ስጪኝ።»

ጀሪካኗን ከሁለታችን መሐል ወሰደቻት። ክዳኑን አጠበቀች። ሁሉም እያያት አንገትጌውን ቀስ አድርጋ አጠለቀችላት። ልክክ አለ። አንገቷ ላይ ሲያርፍ ያቺ ጠበል የመሰለች ነገር የሱቅ ዕቃ ሆነች።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። «ማንበብ የሚችል ሰው ይምጣና ያንብበው።»

ማንም አልመጣም። ራሷ ማንበብ ጀመረች። ስሙን አነበበች። «የነካሁት ይነጣል» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን ቀጠለች። «ከልጆች አርቁ። አይጠጣም። ዓይን ከነካ በብዙ ውኃ እጠቡ። ከተዋጠ እንዲያስመልሱ አታድርጉ፤ ውኃ አጠጡና ወደ ሐኪም ውሰዱ።»

ይመኙሽ ጥቂት ጠብ ያለበትን ስኒዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ጠላ ቤት አላት፤ ብርጭቆ የምታጥበው በምን እንደሆነ ታውቃለች። «ኧረ የማርያም ያለህ!» አለችና ስኒውን ከግንቡ ባሻገር ወረወረችው። «በረኪና ነው! ሎሚ ሎሚ ቢልም በረኪና ነው! እኔ ደግሞ የተባረከ ነው ብዬ እያሸተትኩት…»

ባለ ጡጦዋ ሴትዮ ልጇን ጭምቅ አድርጋ አቀፈች። መጮህም መሳደብም የጀመረ ነበር፤ ዝም ብሎ የሄደም ነበር። ሽማግሌው ግን አልተንቀሳቀሰም።

«እንግዲያ ተአምሩስ?» አለ።

«ተአምር አልነበረም፣ አባባ። ጥቁር ልብስ ላይ ሲያርፍ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል።»

«አይ» አለና ራሱን ነቀነቀ። ከሁላችን ይልቅ ያዘነው እሱ መሰለኝ።

አያ አድማሴ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። «ዓይኔን ዳብሼበታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሲያቃጥለኝ እየሠራ ነው አልኩ።»

ዓይናቸው የቀላው በለቅሶ አልነበረም። እንስራውን አምጥቼ ፊታቸው ላይ አፈሰስኩ፤ «ይበቃል» እስኪሉኝ፣ ከዚያም በላይ። አንዲት ሴት ደግሞ የየትነበርሽን አፍ ከፍታ ጣቷን ልትከት ስትል ምሥራቅ ዘላ ያዘቻት።

«እንድታስመልስ አታድርጓት! ሲመለስ እንደ ገና ያቃጥላታል! ውኃ ስጧት፣ በትንሽ በትንሹ!»

«ይህን ሁሉ ከየት ታውቂዋለሽ?» አሉ አያ አድማሴ ውኃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ።

«አንገትጌው ላይ ጽፌዋለሁ።»

«እኔ ይዤ ስመጣ የት ነበር ታዲያ አንገትጌው?»

ምሥራቅ አቀረቀረች። «ጎንደር። ሶፋ ሥር።»

ሁለቱንም ይዘን ጎንደር ሆስፒታል ገባን። ድንገተኛ ክፍል ያገኘን ሐኪም ወጣት ነው። ምን እንደጠጣች ሲጠይቅ ምሥራቅ ጀሪካኗን ሰጠችው። አገላብጦ አያትና ፈገግ አለ። «እንዴት ታምራለች!» አለ። ከዚያ እህቴን አየና ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። የዚያን ቀን ብዙ ነገር አስደንግጦኛል፤ እንደዚያ ፈገግታ ያስደነገጠኝ ግን የለም። ጠረጴዛችን ላይ እኔ ራሴ ፈገግ ያልኩት ፈገግታ ነው። ልጄንም አየኋት። እሷም አይታዋለች።

የአያ አድማሴን ዓይን ለረጅም ጊዜ አጠቡላቸው። የትነበርሽን እስከ አሥር ሰዓት አቆዩአት። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ የተዋጠው ጥቂት ስለሆነ ተርፋለች አለ፤ ጉሮሮዋ ለጥቂት ቀን ያማታል፣ ለስላሳ ነገር ትብላ፣ ደም ካስመለሳት ወይም መዋጥ ካቃታት በማንኛውም ሰዓት ይዛችኋት ኑ አለ። የሆዷን ሕመምም ያን ቀን መረመሯት፤ አሻፈረኝ ያለችውን ሐኪም በግድ አገኘችው። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ጮክ ብዬ ግን አላልኩም፤ ገና አላመንኩትም።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ወደ ቤት ስንታጠፍ ምሥራቅ ክንዴን ነካች።

«እማዬ፣ ስድስት ሰጥቻለሁ።»

«የምን ስድስት?»

«ለጎረቤት። ሞክሯትና ንገሩኝ ብዬ። ረቡዕ ዕለት።»

ሕመምተኞቹን ለመሪጌታ አስረከብንና ሳንቀመጥ ወጣን። ከቁስቋም አጥር ሥር እስከ ላይኛው መንገድ በር ለበር ዞርን። አምስቱን አገኘን። ሦስቱ አንገትጌያቸው ወልቋል። አንዷን ጀሪካን የሕፃን ልጅ መጫወቻ ሆና ነው ያገኘናት፤ ደግነቱ ክዳኑ አልተከፈተም። ጀሪካኗን ከልጅቱ እጅ ስቀበል አለቀሰችብኝ፤ አላዘንኩላትም።

ስድስተኛዋ ያለችው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ የምትሸጠው አበቡ ዘንድ ነበር። ጀሪካኗ ከጎኗ ቆማለች።

«ምንም አትጨነቁ» አለች እየሳቀች። «ልጄ፣ እንዳልሽው አጥቤ ጠበል ቀዳሁባት። ሸጋ ናት!»

«በረኪናውስ?» አለች ምሥራቅ። «ገና በሦስት ቀን አያልቅም።»

«እሱንማ ሀይላንድ ውስጥ ገለበጥኩት።» ከመቀመጫዋ ሥር ጎትታ አሳየችን። የመጠጥ ውኃ ጠርሙስ ነው። አጠገቡ ሌላ እሱን የመሰለ ጠርሙስ አለ፤ ቀኑን ሙሉ የምትጠጣው ውኃ ነው። ጀሪካኗንም ሁለቱንም ጠርሙሶች ወሰድንባት። «ውኃዬን ምነው?» እያለች ከኋላችን ጮኸች። ነገ ሄጄ አስረዳታለሁ አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ። 

ቤት ስንመለስ መሽቷል። መሪጌታ ታሪኩን ከአያ አድማሴ ሰምቶ ጨርሷል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ክሩን ያሰርሽው ለምን ነበር?»

«እንዳይምታታ ብዬ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። 

ምሥራቅ የሰበሰብናቸውን ጀሪካኖች በጓሮ በር ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደች። ያልተሸጡት ካርቶኖች እዚያ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። የሦስት ልጆች የዓመት ልፋት ነው። ከደጃፉ ሆኜ አየኋት፤ አንዲቱን አንሥታ ታገላብጣለች።

«ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

«ባዶዎቹን ለዘይት ነጋዴ እሰጣለሁ። ለበረኪናው ሌላ እሠራለታለሁ።»

«ምን ዓይነት?»

«የሚያስቀይም» አለች። «ያየው ሰው ሁሉ እጁን የሚሰበስብ። አንገትጌውም የማይወልቅ።» ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እንዲህ ያለውን ደግሞ የሚገዛኝ አላገኝም።»

«እኔ እገዛሻለሁ» አልኳት።

ከሳሎን የየትነበርሽ የጎረነነ ድምፅ ተጣራ። «ዝናሽ! እውነተኛው የታለ? የኔ ጠበል የታለ?»

ክር ያለባትን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ክሩን አየሁ። በጣቴ ነካሁት። ስኒ ውስጥ ቀዳሁና አሸተትኩ። ከዚያ ራሴ ተጎነጨሁ፤ ቆየሁና ደግሜ ተጎነጨሁ። ጠበል እንዲህ ተጠርጥሮ አይጠጣም፤ አውቃለሁ። መሪጌታም አየኝ፣ ግን ፊቱን አዞረልኝ። ሦስተኛውን ጉንጭ ከዋጥኩ በኋላ ስኒውን ለእህቴ ሰጠኋት።

ቀስ አድርጋ ጠጣች። ነጠብጣብ የሞላውን ቀሚሷን አውልቃ የኔን ነጭ ለብሳለች።

«ይህ አይለበልብም» አለች።

«ኧረ ተይን» አሉ አያ አድማሴ ከሶፋው፣ ዓይናቸው በእርጥብ ጨርቅ እንደተሸፈነ። «ካልለበለበ አልሠራም ልትለን ነው።»

የትነበርሽ ልትስቅ ስትል ጉሮሮዋን አመማትና ያዘችው። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ምሥራቅ ከዕቃ ቤቱ ወጥታ በረንዳው ላይ ትጠብቀኛለች። ዕቃ ቤቱ ገብቼ ሰባቱን ጀሪካኖች ቆጠርኩ፤ ስድስቱ የጎረቤት፣ አንዷ ከትክል ድንጋይ የተመለሰችው። የአበቡ ሁለቱ ሀይላንዶችም አሉ። ወጥቼ በሩን ገፋሁት፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩት፣ እጀታውን ጎትቼ አየሁት። ተቆልፏል። እንደ ገና ጎተትኩት።